ጠቋሚ፣ ቆጣሪ፣ መለኪያ፤ የመሣሪያ ስሞች ታሪክ ከጅማ የቡና መጋዘን እስከ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ

1. መነሻ

እ.ኤ.አ. በ2008፣ በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም.፣ ጃፓን በደረሰ የኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው ወሰን ያለፈ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ተገኘ። የጃፓን ባለሥልጣኖች በቡናችን ላይ የሚያካሂዱትን ምርመራ አጠበቁ፤ ወደዚያች አገር የሚላከውም ቡና ክፉኛ ቀነሰ። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በአካባቢያቸው የሚበቅለው ቡና አብዛኛው በጥላ ዛፍ ሥር ያደገ፣ ገበሬውም መድኃኒት ሳይረጭ የሚለቅመው በመሆኑ ወሬው ለሰሚው እንቆቅልሽ ሆነ። ኋላ የተሰጠው ማብራሪያ ጥርጣሬውን ከፍሬው አንሥቶ ፍሬው በተሞላበት ጆንያ ላይ ጣለው። ይሁን እንጂ ምርመራው የጠበቀው «የኢትዮጵያ ቡና» በሚለው ስም ላይ ስለ ነበር፣ ያንን ጆንያ በዓይኑ ያላየው ገበሬ ሳይቀር የጉዳቱ ተካፋይ ለመሆን በቃ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቡናን ንግድ ታሪክ መዘርዘር አይደለም። ጽሑፉ የሚያተኩረው ከላይ ባለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ላይ፣ ይኸውም «ተገኘ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ያገኘው ማን ነው? የጉምሩክ ሹም በዓይኑ አላየውም፤ ቀማሽም በምላሱ አልለየውም። ያገኘው በፊዚክስና በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲራቀቅ የኖረ፣ በእንግሊዝኛ «ዲቴክተር» የሚባል የመሣሪያ ዓይነት ነው። ለዚህ መሣሪያ በአማርኛ የጸና አንድ ስም የለንም። ተርጓሚዎች አንዳንዴ «መርማሪ»፣ አንዳንዴ «ጠቋሚ»፣ አንዳንዴም «አነፍናፊ» ይሉታል፤ ሲቸኩሉ ደግሞ «መለኪያ» ብለው ያልፉታል። የስሙ መዋዠቅ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ብቻ የሚያስጨንቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ዳሩ ግን ስም ብቻውን አይጓዝም፤ ግሡን አስከትሎ ይመጣል። ግሡ ሲዛባ የምርመራው ውጤት ይዛባል፤ ውጤቱ ሲዛባም የሰው ኑሮ ይዛባል።

ከዚህ ቀጥሎ አማርኛ የመለኪያ መሣሪያዎችን እንዴት ሲሰይም እንደ ቆየ፣ የፊዚክስ መሣሪያዎችም በምን መንገድ ተጉዘው ዛሬ ካሉበት እንደ ደረሱ በአጭሩ እንመለከታለን። በመጨረሻም ለተርጓሚዎች የሚሆን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ጅማን መነሻ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ ታሪክ ደረጃዎች በቡና ከተሞች ባለ በአንድ መጋዘን ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉና።

2. ሰፈረ፣ መዘነ፣ ለካ፣ ቆጠረ

አማርኛ መጠንን የማወቅን ሥራ በአራት ግሦች ከፍሎ ያስቀምጠዋል። እህል በቁናና በእንቅብ ይሰፈራል፤ ወርቅና ቡና በሚዛን ይመዘናል፤ መሬትና ጨርቅ በገመድ ወይም በክንድ ይለካል፤ ከብትና ገንዘብ ይቆጠራል። ከእያንዳንዱም ግሥ ስሞች ይወጣሉ፤ ከሰፈረ መስፈሪያና መስፈርት፣ ከመዘነ መመዘኛ፣ ከለካ መለኪያና ልኬት፣ ከቆጠረ ቁጥርና ቆጣሪ። «መስፈርት» ዛሬ ለማናቸውም የማመዛዘኛ ደንብ የሚነገር ረቂቅ ቃል ሆኗል፤ ከእህል ቁና ጋር የተዛመደ መሆኑን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። «መለኪያ»ም እንዲሁ በአንድ በኩል የቤተ ሙከራ ዕቃ፣ በሌላ በኩል አረቄ የሚቀዳበት ትንሽ ብርጭቆ ስም ነው። ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው ለአዲስ ነገር አዲስ ቃል መፈልሰፍ ዘወትር አያስፈልግም፤ የቆየው ቃል ትከሻው ሰፊ ነው።

የጅማ ገበያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከየአቅጣጫው የሚመጣ ነጋዴ ሸቀጡን ብቻ ሳይሆን የመመዘኛ ቃሉንም ይዞ ይገባል። ዛሬ 17 ኪሎ ግራም ተብሎ የሚታሰበው ፈረሱላ በዓረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች በኩል የመጣ ስም ነው። «ሚዛን»ም ከዓረብኛ ጋር የምንጋራው ቃል ሲሆን፣ ግዕዝ ለዚሁ ዕቃ የራሱ የሆነ «መዳልው» የሚል ስም አለው። የአገሩ ቋንቋ ኦሮምኛ ደግሞ ሚዛንን «መዳሊ»፣ መስፈርን ወይም መለካትን «ሰፈሩ» ይላል። ከእነዚህ ቋንቋዎች ማን ለማን እንዳበደረ መወሰን የሌላ ጥናት ተግባር ነው። ለእኛ የሚበቃን የመለኪያ ቃላት በገበያ ላይ እንደ ሸቀጡ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፉ ማስተዋል ነው። የጅማ ነጋዴ «ፈረሱላ»ን ሲቀበል ንጽሕናውን አልመረመረም፤ የመረመረው ሚዛኑን ነው።

3. ሁለት የስያሜ መንገዶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጋሮ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ግማሽ ቀን ያህል ቆይቼ ነበር። በአንድ ጥግ ሰፌድና ወንፊት ተደግፈዋል። በግቢው ውስጥ ጀንፈሉ የሚገባበት መቀሸሪያ ይሠራል፤ ከወንዙ አጠገብ የእሸት ቡና መፈልፈያ አለ። በበሩ አጠገብ ሚዛን ቆሟል። በጠረጴዛው ላይ በባትሪ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ ተቀምጧል። ከግድግዳው ላይ የመብራት ቆጣሪ ተሰቅሏል። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ ሁሉ የተገለጠ መጽሐፍ ነው።

ሰፌድ፣ ወንፊትና ሚዛን በቅርጻቸው ከግሥ የመሣሪያ ስም የሚወጣበትን የተለመደ መንገድ የተከተሉ አይደሉም፤ እንዳሉ የተወረሱ ስሞች ናቸው። መፈልፈያ፣ መቀሸሪያና መለኪያ ግን ከፊት ባዕድ «መ»፣ ከኋላ ምዕላድ «ያ» ተጨምሮባቸው ከግሥ የወጡ የመሣሪያ ስሞች ናቸው። ይህ መንገድ ለም ነው፤ ከማጭድ ሥራ እስከ ሞተር ድረስ ያገለግላል። «ቆጣሪ» ከሁሉ የተለየ ነው። ሰዋስው ሊቃውንት ውስጠ ዘ የሚሉት፣ አድራጊውን የሚያመለክት ቃል ነው፤ ገንዘብ ቆጣሪ፣ ከዋክብት ቆጣሪ እንደምንለው ሁሉ የሰው ስም መሆን የሚገባው ነበር። የመብራቱና የውሃው ዕቃ «መቁጠሪያ» ያልተባለው ለምንድን ነው?

መልሱን ከዕቃው አሠራር እናገኘዋለን። መቁጠሪያ ሲባል በእጅ ተይዞ፣ ሰው በጣቱ እያንቀሳቀሰ የሚቆጥርበት ነገር ይታሰበናል፤ የጸሎት መቁጠሪያ ምሳሌ ነው። የመብራት ቆጣሪ ግን ባለቤቱ ተኝቶም ሆነ መንገድ ሄዶ ሥራውን አያቋርጥም። ቆጠራውን የሚያካሂደው ራሱ ነው፤ ሰው በወሩ መጨረሻ መጥቶ ያነበዋል። ለዚህም «ቆጣሪ አንባቢ» የሚባል የሥራ መደብ አለ። ሕዝቡ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ሰይሞታል፤ ዕቃው ይቆጥራል፣ ሰው ያነባል። ይህን ስም ማን እንዳወጣው ማወቅ አያስፈልግም፤ አንድም ተጠቃሚ ሳይቃወመው መኖሩ በቂ ማስረጃ ነው።

ይህ ልዩነት ጥብቅ ሕግ ነው ለማለት አልደፍርም። መቀሸሪያውም በሞተር ይሠራል፤ ነገር ግን «ቀሻሪ» አልተባለም። የማንቂያ ደወልም ሰው ሳይኖር ይጮኻል፤ ስሙ ግን የመሣሪያ ስም ነው። እንዲያም ሆኖ ዝንባሌው ግልጽ ይመስለኛል፤ ነገርን የሚለውጥ ዕቃ በመሣሪያ ስም፣ ሰው በሌለበት ስለ ነገሩ የሚናገር ዕቃ ደግሞ በአድራጊ ስም ለመጠራት ይቀናዋል። የመጋዘኑ ሠራተኛ በእርጥበት መለኪያው ውስጥ ፍሬ ጨምሮ ቁጥሩን ሲመለከት «ማሽኗ አሥራ አንድ አለች» ብሎኛል። ዕቃዋ ለእርሱ ተናጋሪ ናት።

ያች ማሽን የምትናገረው በቀጥታ ያየችውን እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። እንዲህ ያሉት መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ውሃን አይለኩም፤ በፍሬው መካከል የኤሌክትሪክ ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ ለክተው፣ ከዚያ ተነሥተው የእርጥበቱን መጠን ይገምታሉ። ከእርሷ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች የነጋዴው ጥርስና ጆሮ ነበሩ፤ ፍሬውን ነክሶ ጥንካሬውን፣ ጀንፈሉን ወዝውዞ ድምፁን። ጥርስም ሆነ ማሽን ከምልክት ተነሥቶ ወደ ነገሩ ይደርሳል። ይህ ነጥብ ለቀጣዩ ክፍል መሠረት ነው።

4. ዓይንን የተካው መሣሪያ

በፊዚክስ ቤተ ሙከራም ቢሆን የመጀመሪያው ጠቋሚ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በማንቸስተር ጋይገርና ማርስደን በራዘርፎርድ መሪነት የአልፋ ቅንጣቶችን መበተን ሲያጠኑ፣ በጨለማ ክፍል ተቀምጠው ቅንጣቶቹ የዚንክ ሰልፋይድ ሰሌዳ ሲመቱ የሚፈነጥቀውን ቅጽበታዊ ብልጭታ በአጉሊ መነጽር እያዩ ይቆጥሩ ነበር። ዓይን ይደክማል፤ የደከመ ዓይን ያላየውን ያያል፣ ያየውን ይስታል። ራዘርፎርድና ጋይገር አንድ ዓመት ቀደም ብለው ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ የሚቆጥር ዕቃ መሥራት ጀምረው ነበር። ጋይገር እ.ኤ.አ. በ1928 ከሙለር ጋር ያሻሻለው ይህ ዕቃ እስከ ዛሬ «የጋይገር ቆጣሪ» ይባላል። አማርኛ ለመብራቱ ዕቃ የሰጠውን ስም እዚህም ያለ ችግር ተቀበለ፤ ሥራው አንድ ነውና።

ሌላው መንገድ የቅንጣትን ዱካ ማሳየት ነበር። ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1911 በደመና ክፍሉ ውስጥ ቅንጣቶች ጥለውት የሚያልፉትን የጤዛ መስመር ፎቶግራፍ አነሣ። ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1952 በደመናው ፈንታ ሊፈላ የደረሰ ፈሳሽ ተጠቅሞ የአረፋ ዱካ አሳየ። በሁለቱም ዘዴዎች መሣሪያው ሥዕሉን ያወጣል፤ ሥዕሉን ተራ በተራ የሚመረምረው ግን የሰው ዓይን ነበር። ይህን ሰንሰለት የበጠሰው ሻርፓክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጋዝ ውስጥ በተዘረጉ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የሠራው ክፍል የቅንጣቱን ማለፊያ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ለኮምፒዩተር አቀረበ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ያለው እድገት ይህንኑ አቅጣጫ የተከተለ ነው። በጄኔቫ አጠገብ ባለው ታላቁ የሀድሮን ማፋጠኛ ውስጥ የፕሮቶን ጥቅሎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ይህን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጥ ስለማይቻል መሣሪያው ራሱ በቅጽበት መርጦ አብዛኛውን ይጥላል፤ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተበሠረው የሂግስ ቦዞን የተገኘው ከዚህ ምርጫ በተረፈው ክምችት ውስጥ ነው። ቡና የሚያበጥሩ ሴቶች ከሰፌድ ላይ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ መርጠው እንደሚጥሉ ሁሉ፣ ጠቋሚውም ያበጥራል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ 5160 ብርሃን ዳሳሾች አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ በሚያህል ቦታ ተዘርግተው ኑትሪኖ ይጠባበቃሉ።

ለተርጓሚ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የስበት ሞገድ ታሪክ ነው። ሊጎ የሚባሉት በአሜሪካ የሚገኙ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2010 ባደረጉት ፍለጋ አንድም የስበት ሞገድ አላገኙም። መሣሪያዎቹ ተሻሽለው እንደ ገና ከተተከሉ በኋላ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015) የክንዶቹ ርዝመት ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በእጅጉ ባነሰ መጠን ሲለዋወጥ ተመዘገበ። ሞገዱ በ2008 ዓ.ም. አልተፈጠረም፤ ከሩቅ ዘመን ጀምሮ በምድር ውስጥ ሲያልፍ ኖሯል። የተለወጠው የመሣሪያው አቅም ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ውጤት «የስበት ሞገድ የለም» ብሎ የተረጎመ ሰው ቢኖር፣ ቋንቋው ሳይሆን ፊዚክሱ ይታዘበው ነበር።

በአገራችንም ይህ የመሣሪያ ታሪክ የራሱ ምዕራፍ አለው። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ሲቋቋም፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን መሪ ሆኑ። ከተማዋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ለጣቢያው ልዩ ጥቅም ሰጠው። የምድርን ንቅናቄ የሚመዘግቡት መሣሪያዎች ያጠራቀሙት ማስረጃ ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ላሳተሙት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ አገልግሏል። እንዲህም ሆኖ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፣ በየቤቱ የሰማነው ቃል «ሬክተር ስኬል» ነበር። የሰው ስም የሆነው ሪክተር ተለውጦ የማናውቀው ነገር ስም መሰለ። መሣሪያውን ሳንሰይም ቁጥሩን ብቻ ስንቀበል የሚደርስብን ይህ ነው።

5. ጉድለቱ ምልክት የሆነለት መሣሪያ

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። ክሎሪን ያለባቸውን የፀረ ተባይ መድኃኒቶች ቅሪት ለመፈለግ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የኖረው መሣሪያ እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ኤሌክትሮን የሚማርክ ጠቋሚ ነው። አሠራሩ ለቋንቋ ሰውም የሚገባ ነው። በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ኒኬል 63 የተባለ፣ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይቀመጣል። ጨረሩ በክፍሉ በሚያልፈው ጋዝ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያበዛ ደካማ ነገር ግን ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይኖራል። ክሎሪን ያለበት ሞለኪውል ወደ ክፍሉ ሲገባ ኤሌክትሮኖቹን ይይዛቸዋል፤ ፍሰቱም ይቀንሳል። መሣሪያው የሚናገረው ይህን ጉድለት ብቻ ነው። «ሊንዴን አየሁ» አይልም፤ «ፍሰቴ ጎደለ» ይላል። የጎደለበትን ምክንያት የሚወስነው፣ ጉድለቱ የታየበትን ጊዜ ከታወቀ ናሙና ጋር የሚያስተያይና አስፈላጊም ሲሆን በሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በሞለኪውል ክብደት በሚለይ መሣሪያ፣ የሚያረጋግጥ ባለሙያ ነው።

የመሣሪያው ንቃት ምን ያህል እንደ ሆነ በጅማ መስፈሪያ እንግለጠው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ የራሱ ወሰን ያልተነገረለት ማናቸውም የመድኃኒት ቅሪት በአንድ ኪሎ ግራም ምግብ ከ0.01 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህም በአንድ ፈረሱላ ቡና 0.17 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ከአንዲት የደረቀች የቡና ፍሬ ክብደት ወደ አንድ ሺሕኛ የሚጠጋ። ይህን የሚያህል ነገር ከጆንያ ወደ ፍሬ ለመሸጋገሩ ብዙ ምክንያት አያስፈልገውም። የጥንቱ የገበያ ሰው በዚህ መጠን ለሚገኝ ነገር ግሥ አልነበረውም፤ አይሰፈርም፣ በሚዛኑ አይመዘንም፣ በጣት አይቆጠርም። የእኛ ዘመን መሣሪያ ግን ይጠቁመዋል።

6. ዕጩ ስሞች

የሳይንስ ቃላትን አማርኛ የማድረጉ ሥራ በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ፣ እርሱም ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከሆነ ወዲህ በተቋም ደረጃ ሲካሄድ ቆይቶ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለኅትመት በቅቷል። ከዚያ ሥራ የተማርነው ዋና ትምህርት ስም በግሡ እንደሚፈተን ነው። ስለዚህ ለ«ዲቴክተር» የቀረቡትን ዕጩዎች አንድ በአንድ በዚሁ ፈተና እናሳልፋቸው።

«መርማሪ» ከሥራው ጅምር እንጂ ከፍጻሜው አይደርስም። «ቡናው ተመረመረ» ስንል የተገኘ ነገር ይኑር አይኑር አልተናገርንም። በተጨማሪም መርማሪ ጥያቄ አንሥቶ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ መሣሪያው ግን አይጠይቅም።

«መፈለጊያ» ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ አሳሽን ያስታውሳል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የተቀበረው ዕቃ አይፈልግም፤ ባለበት ሆኖ የሚመጣውን ይጠባበቃል።

«አነፍናፊ» ለአየርና ለሽታ የተስማማ፣ ሥዕሉም ሕያው የሆነ ቃል ነው። ነገር ግን ለብርሃን፣ ለቅንጣትና ለስበት ሞገድ ሲነገር ይሰነካከላል፤ «የስበት ሞገድ ተነፈነፈ» ብሎ የሚጽፍ ደፋር እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ዳሳሽ» ጥሩ ስም ነው፤ ቢሆንም ቦታው ሌላ ነው። ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ብርሃንን በቅርብ ነክቶ ለሚቀበለው የመሣሪያው ክፍል፣ «ሴንሰር» ለሚባለው፣ ይስማማል። ከግሡ የሚወጣው «ዳሰሳ» አስቀድሞ ለጽሑፍ ግምገማ ተይዟል።

«አመልካች» ለጠቋሚው ቅርብ ነው። ችግሩ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ማመልከቻ ያስገባ ባለጉዳይ መሆኑ ነው። በልኬት ሰሌዳ ላይ ለሚንቀሳቀስ መርፌ ቢቀር የተሻለ ነው።

«ጠቋሚ» ይቀራል። ቅርጹ እንደ «ቆጣሪ» የአድራጊ ስም በመሆኑ፣ ሰው በሌለበት የሚሠራውን መሣሪያ በሕዝቡ ልማድ መሠረት ይሰይማል። ተሳቢውንም አይመርጥም፤ ጭስ ጠቋሚ፣ ጨረር ጠቋሚ፣ ቅንጣት ጠቋሚ ማለት ይቻላል። ሁለት ተቃውሞ ይቀርብበታል። አንደኛው፣ በዘመናችን ታሪክ «ጠቋሚ» ጎረቤቱን ለመንግሥት የሚያሳብቅ ሰው ስም ሆኖ ብዙ ቤት አፍርሷል። ሁለተኛው፣ ግሡ አይከተለውም፤ «ሊንዴን ተጠቆመ» ቢባል ለሹመት የታጨ ይመስላል። በግልጽ መናገር ካስፈለገ ለረጅም ጊዜ ይህን ስም የተቃወምሁት በእነዚህ ምክንያቶች ነበር።

7. ጥቆማና ግኝት

አሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ አይደለም፤ በጅማ ከተማ በአንድ የቡና ቅምሻ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ንግግር ነው። አንድ ወጣት ቀማሽ ከአንድ ናሙና የተፈሉ አምስት ሲኒዎችን በማንኪያ እየማገ፣ እየተፋ፣ ነጥቡን ይመዘግባል። የቡናው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አጠገቡ ቆመው ይጠባበቁ ነበር። ሲጨርስ «እንከን የለበትም ብለህ ጻፍልኛ!» አሉት። ወጣቱም ብዕሩን ሳያነሣ «ጋሼ፣ አላገኘሁበትም ነው ያልሁት፤ የለበትም አላልሁም። የቀመስሁት አምስት ሲኒ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አጉረመረሙ፤ ሆኖም ሙግቱን አልቀጠሉም። እርሳቸውም ነጋዴ ናቸውና ከጆንያ አፍ የተዘገነ ቡና የጆንያውን ሆድ እንደማይናገር ያውቃሉ።

ያ ወጣት የመለየት ወሰንን ምንነት ያለ ቀመር ተናግሮታል። በምርመራ ወረቀት ላይ «ኖት ዲቴክትድ» የሚለው ሐረግ መሣሪያው ከዚህ መጠን በታች ማየት አይችልም፤ ከዚህ መጠን በላይ ደግሞ አላየም ማለት ነው። ይህን «የለም» ብሎ መተርጎም ያልተባለውን ማለት ነው። በጨረር ሕክምና ክፍል፣ በውሃ ምርመራ፣ በምግብ ቁጥጥር ወረቀቶች ላይ ይህ ስሕተት ሲፈጸም አይቻለሁ፤ የሁለት ፊደል ልዩነት አንባቢን ያለ ስጋት አስተኝቶታል። ተቃራኒው ስሕተትም አለ። «ተገኘ» የሚለው ቃል መጠኑ ካልተከተለው ከ0.01 ሚሊ ግራም ጀምሮ እስከ ገዳይ መርዝ ድረስ ሁሉን ያጠቃልላል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በቡናችን ላይ የተነሣው ወሬ በብዙ አፍ ሲዞር መጠኑን እያጣ፣ ግሡን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

በዚህ ብርሃን ሲታይ የ«ጠቋሚ» ጉድለት ይልቁን ጥቅሙ ነው። ስሙና ግሡ ከሁለት ሥር መውጣታቸው የሥራውን ሁለት ደረጃዎች ይለያል። መሣሪያው ይጠቁማል፤ የጠቆመውን መርምሮ «ተገኘ» ወይም «አልተገኘም» የሚለው ሰው ነው። የኤሌክትሮኑ ፍሰት መጉደል ጥቆማ ነው፤ ሊንዴን መሆኑ ሲረጋገጥ ግኝት ይሆናል። የክንዱ መለዋወጥ ጥቆማ ነው፤ በሁለት ቦታ የተተከሉት መሣሪያዎች ተመሳስለው ሲመሰክሩ ግኝት ይሆናል። በስሙ ላይ የተለጠፈው ክፉ ትዝታም ቢሆን ትምህርት አለው። ያ ዘመን የጎዳን ጠቋሚ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ጥቆማ ያለ ምርመራ ፍርድ ተደርጎ ስለ ተወሰደም ነው።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚከተለው ምደባ ይቀርባል፤

ጠቋሚ፦ ዲቴክተር። የአንድን ነገር መኖር በምልክት የሚያሳውቅ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ መሣሪያ።
ዳሳሽ፦ ሴንሰር። ከሚጠናው ነገር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የመሣሪያው ክፍል።
ቆጣሪ፦ ካውንተር። ክስተቶችን አንድ በአንድ የሚደምር መሣሪያ።
መለኪያ፦ ሜትር። መጠንን በታወቀ አሐድ የሚገልጽ መሣሪያ።
መዝጋቢ፦ ሪከርደር። ለውጥን ከጊዜ ጋር አያይዞ የሚያስቀምጥ መሣሪያ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝጋቢ።
ጥቆማ፦ ጠቋሚው የሚሰጠው፣ ገና ያልተረጋገጠ ምልክት።
የማግኘት ወሰን፦ በአንድ ዘዴ በእርግጠኝነት ሊገኝ የሚችል ዝቅተኛው መጠን።
አልተገኘም፦ ከማግኘት ወሰን በላይ የሆነ መጠን አልታየም። በ«የለም» አይተካም፤ ወሰኑም በቁጥር አብሮ ይጻፋል።

ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት ነው። አንድ አካዳሚ ቃል ሊያወጣ፣ ሊያሳትም፣ ሊያሠራጭ ይችላል፤ ቃሉን የሚያጸናው ግን በሥራ ላይ ሆኖ የሚጠነቀቅለት ሰው ነው። በጅማው የቅምሻ ክፍል ያ ወጣት ለባለቤቱ የሰጠው ወረቀት ላይ የሰፈረው ቃል «እንከን አልተገኘበትም፤ 5 ሲኒ» የሚል ነበር። ለመዝገበ ቃላታችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አላውቅም።